ዘጠና ቀን ወደ ባልዲ

ላምዱዋን በሃያ ዓመቷ በባንኮክ የሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋ ስትሸከም፣ ፎርማኑ "ይቺ የኢሳን ልጅ ድካም የሚባል ነገር አታውቅም" እያለ ለሌሎቹ ያሳያት ነበር። ዛሬ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ያ ፎርማን አሁን ቢያያት ቃሉን ያጥፍ ነበር።

ድካሟ የወገብና የጉልበት ብቻ አይደለም፤ ከዓይኖቿ ሥር ሰፍሮ ስትስቅ እንኳ የማይነሳ ድካም ነው። ምክንያቱን በታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኢሳን ባለችው በኖንግ ኮይ መንደር የማያውቀው የለም። የባሏ የቶንግባይ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ አራት ዓመት አልፏል። በሆዱ ላይ በተተከለችው ቀጭን ቱቦ በኩል፣ ሁለት ሊትር ንጹሕ ፈሳሽ ይገባና ሰውነቱ ያጠራቀመውን ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ይህ በቀን አራት ጊዜ ይደረጋል፤ ንጋት ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዐሥር ሰዓት ላይና ከመኝታ በፊት። በየጊዜው እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍናለች፤ በርና መስኮት ትዘጋለች፤ ማራገቢያውን ታጠፋለች። ከዚያ በዚያ ሙቀት ውስጥ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀምጣ ፈሳሹ እስኪወርድ ትጠብቃለች። በአራት ዓመት ውስጥ ሠርግ ላይ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ አታውቅም። እናቷ ስትቀበር እንኳ መነኮሳቱ ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ ሰዓቷን አይታ ተነሥታለች።

የሚገርመው፣ ላምዱዋን ራሷ የመንደሩ የጤና በጎ ፈቃደኛ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች የሰዎችን የደም ግፊት ለክታለች፤ የቦካ ዓሣ ጨው ኩላሊት እንደሚጎዳ፣ የሕመም ማስታገሻ እንደ ከረሜላ እንደማይቃም ለሰው ሁሉ ተናግራለች። ቶንግባይ ግን የሸንኮራ አገዳ መኪና ሾፌር በነበረባቸው ዓመታት ለወገቡ ሕመም በየቀኑ ክኒን ይውጥ ነበር፤ ክኒኑን ከመቀመጫው ሥር ይደብቀዋል። ነገሩ ሲታወቅ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

"አንቺን ፈርቼ ነዋ።"

"እኔን ፈርተህ ኩላሊትህን በላህ?"

"ቀስ በቀስ ስለሆነ አልታወቀኝም።"

ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሩዝ አጨዳ ሰሞን፣ ከማሳ ተመልሳ ቁጭ ብላ እያንቀላፋች የቱቦውን ጫፍ በጣቷ ነካችው፤ መንካቷንም አላወቀችም። በሦስተኛው ቀን ከባሏ ሆድ የወጣው ፈሳሽ ሩዝ የታጠበበት ውሃ መሰለ። ጀርም ሆዱ ገብቶ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛ። የኩላሊት ሐኪሟ ዶክተር ሩቺራ በመውጫው ቀን ላምዱዋንን ወደ ጎን ወስደው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። "አክስቴ፣ ይህ ሌላ አንድ ጊዜ ከተደገመ ሆዱ ሕክምናውን አይችልም። ከዚያ በኋላ ደሙን በማሽን ለማሳጠብ በሳምንት ሦስት ቀን ከተማ ድረስ መመላለስ ነው፤ ልቡ ደግሞ ያንን መንገድ የሚችል አይመስለኝም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ላምዱዋን ድካሟን እንደ ጠላት ትፈራዋለች። ባሏን የሚገድለው በሽታው ሳይሆን የእሷ ማንቀላፋት ሊሆን ይችላልና።

ማሽኑ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

በየካቲት አንድ ቀን ዶክተር ሩቺራ ታናዋት ከሚባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት መሐንዲስ ጋር መጡና የመንደሩን አምስት የኩላሊት ሕመምተኞች በገዳሙ አዳራሽ ሰበሰቡ። መሐንዲሱ ከካርቶን ውስጥ ያወጣው ሣጥን ከሩዝ ማብሰያ ትንሽ ይተልቃል። ማታ አንድ ጊዜ ከሆድ ጋር ይገናኛል፤ ሰውየው ተኝቶ እያለ ፈሳሹን ራሱ ያሞቃል፣ ያስገባል፣ ያወጣል፤ ጠዋት ይላቀቃል። አራቱ ጊዜ አንድ ጊዜ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በውጭ አገር ድሮም አለ፤ ዋጋው ግን ለመንደር ሰው የሚታሰብ አልነበረም። ይህኛው እዚሁ አገር የተሠራ ነው።

"ዩኒቨርሲቲው ቀረጸው፤ ኩባንያው ያመርተዋል፤ የመንግሥት የጤና ፈንድ ደግሞ ገዝቶ ለሕመምተኛው በነፃ ይሰጣል" አሉ ዶክተር ሩቺራ። "በቀድሞው አሠራር አንዱ ሥራውን ጨርሶ ለሌላው እስኪያስረክብ ስምንት ዓመት ይሄዳል። አሁን ሦስቱም በአንድ ውል ስለገቡ በዓመት ተኩል እንጨርሳለን። እዚህ ዘጠና ቀን ይሞከራል፤ ካለፈ ሁለት ሺህ ማሽን ይሠራል።"

ከመንደሩ ኩሬ ማዶ የሚኖሩት የሰባ ዓመቱ አጎት ካምፔንግ እጃቸውን አነሡ። "የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው?"

"የእናንተ ድርሻ እውነቱን መንገር ነው።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ከሁሉ የቀለለው ሥራ መሰላቸው።

መሐንዲሱ በመንደሩ ሦስት ቀን ሰነበተ። ከሕመምተኞቹ ቤተሰቦች ጋር መሬት ተቀምጦ የሚጣበቀውን ሩዝ በጣቱ እየጠቀለለ በላ፤ በርበሬው ሲያስለቅሰው ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሊሄድ ሲል ሽማግሌዎቹ ለልጆቻቸው እንደሚያደርጉት ነጭ ክር በእጁ አንጓ ላይ አሰሩለትና መረቁት። አጎት ካምፔንግ ክሩን ሲቋጥሩ "እንግዲህ የእኛ ልጅ ሆነሃል" አሉት። ታናዋት አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማሽኑ አንዳች ነገር ሲያሰናክለው ጭው ጭው ስለሚል መንደርተኛው "ጫጩቷ" ብሎ ሰየመው። በላምዱዋን ቤት ጫጩቷ ሦስት ጊዜ ብቻ ጮኸች፤ ሦስቱንም ጊዜ ቶንግባይ ቱቦዋ ላይ ተኝቶባት ነበር። ላምዱዋን ጥፋቱን በየቤቱ በታደለው የማሽኑ መዝገብ ላይ እንዳለ ጻፈችው። በተረፈ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቶቿ ፊቷ እንደ ተመለሰ ነገሯት። እሷም ሐምራዊ ሸሚዟን አውጥታ ለበሰች፤ ገበያ ሄዳ ያለ ምንም ጉዳይ ቆማ አወራች፤ ወደ ቤት ስትመለስም አልሮጠችም።

በየሰኞው ጠዋት የአምስቱን ቤት መዝገብ የምትሰበስበው እሷ ነበረች። በሦስተኛው ሰኞ አጎት ካምፔንግ ደጃፍ ላይ አስቆሟት።

"ላምዱዋን ልጄ፣ ትናንት ማታ መብራቱ ሲደክም ጫጩቷ ጮኻ ቀጥ አለች።"

"ገና አዲስ ናት አጎቴ፤ ትለምዳላችሁ" አለች ላምዱዋን። "ልጁን በትንሽ በትልቁ ባናስጨንቀው ይሻላል።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉ ሽማግሌው፣ ሸክም እንደ ወረደላቸው ሁሉ። መዝገቡ ላይ "ጥሩ" ተብሎ ተጻፈ። ላምዱዋን ወደ ቤቷ ስትመለስ ያን ቃል ለማን ብላ እንደ ተናገረችው ታውቅ ነበር። ለልጁ ብላ አልነበረም። ማሽኑ ካላለፈ ተመልሶ እንደሚወሰድ ስለምታውቅ ነው።

በስድሳ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ሆስፒታሉ የላከውን ፋሻ ልታደርስ ወደ ኩሬው ማዶ ተሻገረች። በዚያ ሰዓት ማንም አልጠበቃትም። የካምፔንግን ቤት ደረጃ ስትወጣ የማሽኑን ጉርምርምታ ሰማችና ደነገጠች፤ በዚህ ሰዓት መሥራት አልነበረበትምና።

ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የዓሣ መረብ ይጠግናሉ። ሆዳቸው ላይ ምንም አልተገናኘም። ማሽኑ ግን በሥራ ላይ ነው። በላዩ የተንጠለጠለው ያገለገለ የፈሳሽ ከረጢት የጉድጓድ ውሃ ተሞልቷል፤ ውሃው በአሮጌ ቱቦ ወርዶ፣ በማሽኑ ውስጥ አልፎ፣ ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ ይንጠባጠባል። የማሽኑ መቁጠሪያ አንድ ቁጥር ጨመረ።

"አጎቴ፣ ይህ ምንድን ነው?"

ካምፔንግ መረቡን አስቀመጡ። መልሱን የሰጡት ሚስታቸው ቡዋላይ ናቸው፤ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ በእጃቸው ያልተላጠ ፓፓያ ይዘው።

"ምን ይሆናል! ጫጩቷን ውሃ እያጠጣናት ነዋ።"

"እማማ ቡዋላይ፣ የምሬን ነው።"

"እኔም የምሬን ነው። ማታ ማታ እዚህ ማዶ ፓምፑ ሁሉ ሲከፈት፣ ማራገቢያው ሁሉ ሲዞር፣ መብራቱ እንደ ሻማ ይሆናል። ያኔ እሷም ቀጥ ትላለች። ስለዚህ የእሱን ሆድ እንደ ድሮው በእጄ አጥባለሁ፤ ቀን መብራቱ ሲጠነክር ደግሞ እሷን እናሠራታለን። ልጁ መጥቶ ቁጥሯን ሲያይ ባዶ ሆና እንዳትጠብቀው።"

"ታዲያ ለልጁ ለምን አልነገራችሁትም?"

"ምን ብለን?" አሉ ካምፔንግ። "ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ከእኛ ጋር መሬት ተቀምጦ በልቶ፣ ክር ያሰርንለት ልጅ! 'የሠራኸው አይረባም' እንበለው? በአለቆቹ ፊት? አንቺስ ራስሽ 'አታስጨንቁት' አላልሽም?"

ላምዱዋን ፋሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ይሉኝታ ምን እንደሆነ ከእነሱ የተሻለ ታውቀዋለች፤ በዚያው ወተት አድጋለች። እየቆየ ግን ሽማግሌው የቀረውንም ተናገሩ፤ ሲናገሩ ዓይናቸው መረቡ ላይ ነበር።

"መቆሟ አልነበረም የከፋው። መብራቱ ሲመለስ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ሆዴ ውስጥ ሁለት ሊትር አስገብታ እንደ ነበረ ረስታ፣ ሌላ ሁለት ሊትር ጨመረችበት። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ትንፋሽ አጠረኝ። ቡዋላይ ባትነቃ ኖሮ…"

"ዝም በል አንተ ደግሞ" አሉ ቡዋላይ። "አልሞትክ።"

ላምዱዋን በዚያው ቀን የቀሩትን ሦስት ቤቶች ዞረች። ሦስቱም ከኩሬው ማዶ፣ በመብራቱ መስመር ጫፍ ላይ ናቸው። በአንደኛው ቤት ማሽኑ አዲስ የሐር ጨርቅ ለብሶ፣ የጃስሚን አበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ ተደርጎለት፣ እንደ እንግዳ በክብር ተቀምጧል። በሁሉም ቤት ግን ባልዲ አለ። አንዱ ከአንዱ ሰምቶ የተማረው ዘዴ ነው። የላምዱዋን ቤት ብቻ የመንደሩ ትራንስፎርመር ሥር በመሆኑ መብራቱ አይደክምም፤ ለእሷ ብቻ ማሽኑ እውነተኛ ማሽን ነበር።

ማታ እራት ላይ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ቶንግባይ ጨው የሌለውን ዓሣውን በዝግታ አኘከ።

"ከተናገርሽ ይወስዷታል" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ካልተናገርሽ?"

"ሁለት ሺህ ሰው ሆድ ላይ ይተክሏታል። ስንቱ በመስመር ጫፍ እንደሚኖር እንጃ።"

"እና?"

"እናማ ደክሞኛል።"

ቶንግባይ ከዚህ በላይ አልጠየቃትም። እሷም በሚቀጥለው ሰኞ፣ ከዚያም በኋላ በሦስቱ ሰኞዎች፣ መዝገቦቹን ሰብስባ ላከች። "ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ" ይላሉ። በየሌሊቱ ተኛች። እንቅልፉ ግን ያው የመጀመሪያው እንቅልፍ አልነበረም፤ ጠዋት ስትነሣ ከሰው የወሰደችው ነገር በእጇ ያለ ይመስላት ነበር።

በዘጠናኛው ቀን ጠዋት ሁሉም በገዳሙ አዳራሽ ተሰበሰቡ። መንግሥትን ወክለው የሚፈርሙት ዶክተር ሩቺራ ነበሩ። ከኩባንያው የመጡት አቶ ፒሲት የሚባሉ፣ ላብ የማይነካቸው የሚመስሉ ሰው ናቸው። ታናዋት ነጩን ክር እስከዚያ ቀን አልፈታውም ነበር፤ አሮጊቶቹ አይተው በክርን ተጎሻሸሙ።

አቶ ፒሲት ወረቀታቸውን አነበቡ። "በአራት ቤቶች፣ በዘጠና ቀን ውስጥ አንድም መሰናክል አልታየም። በእውነቱ ከጠበቅነው በላይ ነው። በአንድ ቤት ብቻ ሦስት ጊዜ ቆሟል፤ እሱም የወይዘሮ ላምዱዋን ቤት ነው። የአያያዝ ጉድለት ይመስላል፤ ይህን ቤት ከስሌቱ ብናወጣው ውጤቱ ፍጹም ይሆናል።"

"ጉድለቱ እኔ ነኝ" አለ ቶንግባይ ከኋላ። "ቱቦዋ ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። ሴትየዋን ይተዉአት።"

አዳራሹ ሳቀ። ላምዱዋን አልሳቀችም። ብዕሩ ከአቶ ፒሲት እጅ ወደ ዶክተር ሩቺራ እጅ ሲሻገር አየችና ሳታስበው ተነሣች።

"ዶክተር፣ ዛሬ እራት አጎት ካምፔንግ ቤት እንብላ። ሁላችሁም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ።"

"እግዜር ይስጥልኝ አክስቴ፣ ግን ሳይመሽ መመለስ አለብን" አሉ ዶክተሯ ፈገግ ብለው።

"እሺ፣ መብላቱ ቢቀር፣ አንድ ሰዓት ላይ መጥታችሁ ማሽኗን ተመልከቷት። ሰው ሁሉ ፓምፑን ሲከፍት።"

"ዘጠና ቀን ሙሉ ያየናትን?" አሉ አቶ ፒሲት፣ በትሕትና። "ወረቀቱ እኮ ተዘጋጅቷል፣ እናቴ። ክረምት ሳይገባ ማምረት ካልጀመርን የዘንድሮው በጀት ያልፈናል። በየቀኑ የሚጠብቅ ሕመምተኛ አለ።"

ላምዱዋን በዙሪያዋ ተመለከተች። የአራቱ ቤቶች ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። ነገሩን በእራት ሸፍና፣ የማንም ፊት ሳይቀላ፣ ልታሳያቸው ነበር ሐሳቧ። አልተቻለም። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

"አራቱ ቤቶች ማሽኗን ወደ ባልዲ ነው የሚያሠሯት። በጉድጓድ ውሃ። ቀን ቀን። ሆዳቸውን እንደ ድሮው በእጅ ነው የሚያጥቡት።"

ውጭ አንድ አውራ ዶሮ ጮኸ፤ አዳራሹ ውስጥ ማራገቢያው ይዞራል።

"ማታ መብራት ሲደክም ትቆማለች። መብራት ሲመለስ ያስገባችውን ረስታ ሌላ ትጨምራለች። አጎት ካምፔንግ ሊሞቱ ነበር።"

ቡዋላይ ተነሥተው፣ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ። ታናዋት ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጥቶ በሽማግሌው ፊት ተንበረከከ። ፊቱ ወረቀት መስሏል።

"አጎቴ፣ እውነት ነው?"

ካምፔንግ በልጁ እጅ ላይ ያለውን ክር ተመለከቱ። "ልጄ፣ አንተን ልናሳፍርህ አልፈለግንም።"

"በስንት ሰዓት ነው የምትቆመው?"

"ፓምፖቹ ሲከፈቱ። አንድ ሰዓት፣ አንድ ተኩል።"

"በምሽት ስንት ጊዜ?"

"ሁለት ጊዜም፣ ሦስት ጊዜም። ሙቀቱ ሲበረታ ይብሳል።"

ታናዋት ከኪሱ ብዕር አውጥቶ መዳፉ ላይ ጻፈ፤ ወረቀት መፈለግ እንኳ አልታሰበውም።

"ይህ ማለት ስምንት ወር መዘግየት ነው" አሉ አቶ ፒሲት። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው የታከተ ሰው ድምፅ ነበር። "በስምንት ወር ውስጥ ስንት ሕመምተኛ እንደሚጠብቅ ያውቃሉ፣ እናቴ?"

"አውቃለሁ። አንዱ እዚያ ከኋላ ተቀምጧል።"

ዶክተር ሩቺራ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አስቀመጡ። "አክስት ላምዱዋን፣ ይህን ካወቁ ስንት ጊዜ ሆነዎት?"

"ሃያ ዘጠኝ ቀን።"

"ለምን ዝም አሉ?"

"እተኛ ስለነበረ ነው፣ ዶክተር" አለች ላምዱዋን። ሌላ ምክንያት አልፈለገችለትም።

ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ አንድ በአንድ መኪና ላይ ተጫኑ። በላምዱዋን ቤት ደጃፍ ታናዋት ሣጥኑን አቅፎ ቆመ። "የእርስዎ ደህና ናት። ግን በውሉ መሠረት አንዷ ከተነሣች ሁሉም ይነሣሉ። እኔ ብሆን…"

"አውቃለሁ ልጄ። ውሰዳት፤ አታስብ።" ሰዓቷን አየች፤ ለዐሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ገብታ በሩን ዘጋች፤ መስኮቱን ዘጋች፤ ማራገቢያውን አጠፋች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ቡዋላይ በመንገድ ሲያገኟት ዓይናቸው በላይዋ አልፎ ይሄዳል። ሴቶቹ ተሰብስበው ጥሬ ፓፓያ ለሰላጣ ሲወቅጡ እሷን የሚጠራ አልነበረም። "በሰው ፊት አዋረደችን" ይባል ነበር፤ ውሸት ነው ያለ ግን የለም። ሐምራዊው ሸሚዝ ተመልሶ ሣጥን ገባ። አንድ ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ከረጢቱን ልታገናኝ ስትል፣ ቶንግባይ እጇን በድንገት ያዘው።

"አንቺ! አፍሽን አልሸፈንሽም።"

ላምዱዋን ጭምብሉን ፈለገችው፤ በአገጯ ሥር ተንጠልጥሏል። አስተካክላ ለበሰችውና እጇን እንደገና ልትታጠብ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ባሏ በየጊዜው ጮክ ብሎ ይቆጥርላታል፦ "እጅ? አፍ? በር? ማራገቢያ?" እሷም እንደ ተማሪ ትመልሳለች። አንዳንዴ "ሚስት?" ይላታል፤ "የለችም፣ ተኝታለች" ትለዋለች።

በአራተኛው ሳምንት ታናዋት አንዷን ማሽን፣ የመብራት ኃይል መለኪያና ምንጣፍ ይዞ ብቻውን መጣ። ያረፈው ካምፔንግ ቤት ነው፤ ዐሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። በየምሽቱ ፓምፖቹ ሲከፈቱ ቁጥር ይጽፋል፤ ሽማግሌውም አጠገቡ ተቀምጠው "አሁን! አሁን ልትቆም ነው!" እያሉ ይጮኹለታል፤ ጉድለቱን መናገር ከአንድ ቀን ወደ ሌላው እየጣፈጣቸው ሄደ። አዲሷ ማሽን ትንሽ ባትሪ ይኖራታል፤ ሆድ ውስጥ ያስገባችውንም አትረሳም። ይህንን ለላምዱዋን የነገሯት ዶክተር ሩቺራ ናቸው፤ በስልክ።

"በሦስት መንደር እንደገና እንሞክራለን። ስምንቱን ወር ማሳጠር የምንችለው ጥፋቷን ቶሎ ቶሎ ከሰማን ብቻ ነው። ገንዘቡ አለ፤ ፋብሪካው አለ፤ ኩባንያውም ቆሞ ይጠብቃል። የሌለን ጥፋቷን የሚነግረን ሰው ነው። እኔ ስጠይቃቸው ሁሉም 'ደህና ነው' ይሉኛል።"

"ለእኔም እኮ እንደዚያው ነው የሚሉኝ።"

"እርስዎ ግን አያምኗቸውም።"

ላምዱዋን በረጅሙ ተነፈሰች። "ዶክተር፣ እኔ እኮ ደክሞኛል።"

"አውቃለሁ" አሉ ዶክተሯ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ስላላከሉ ላምዱዋን ሐሳባቸውን ወደደችው። በባሏ የሕክምና ሰዓቶች መካከል ባሉት ክፍተቶች በሦስቱ መንደሮች እየዞረች የማሽኗን ጥፋት ልትጠይቅ ተስማማች። ቅጹ ሲመጣላት የመጀመሪያውን ጥያቄ በእጇ ሰርዛ ሌላ ጻፈችበት። "ማሽኗ እንዴት ናት?" ይል ነበር፤ "ዛሬ ምን አጠፋች?" አደረገችው።

የመጀመሪያዋ ሰው በጎረቤት መንደር ያሉት እማማ ኬው ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸው፣ ያሳደጓቸው ዳክዬዎች በግቢው የሚንጫጩባቸው አሮጊት። አዲሷ ማሽን ከገባች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ላምዱዋን ሞተር ብስክሌቷን ከማንጎው ዛፍ ሥር አቁማ ደረጃውን ወጣች። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ቤቷ መድረስ አለባት።

"ዛሬ ምን አጠፋች፣ እማማ?"

"ምን ታጠፋለች! ወርቅ ናት። እግዜር ይስጣቸው የሠሯት ልጆች።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ላምዱዋን ብዕሩን ቅጹ ላይ አስቀምጣ በቀርከሃው መደብ ላይ ተቀመጠች። ስለ ዳክዬዎቹ ጠየቀች። ከተማ ስለሄደችው የልጅ ልጅ ጠየቀች። አሮጊቷ ውሃ አመጡላት፤ ጠጣች። የዓይኗ ቆብ ከበዳት፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዝም አለች። እማማ ኬው የምንጣፉን ጫፍ አስተካከሉ፤ ደግመው አስተካከሉት።

"አትሄጂም እንዴ ልጄ? ባልሽ ይጠብቅሻል አይደል?"

"ይጠብቀኛል።"

"ታዲያ ሂጂያ።"

"ሰዓቱ ሲደርስ እሄዳለሁ።"

አሮጊቷ ማሽኗን በጎን ዓይናቸው አዩ፤ እንዳትሰማ የፈሩ ይመስል ወደ ላምዱዋን ጠጋ አሉ። "እንዲያው ለወሬ ያህል ነው፣ እዚያ ላይ እንዳትጽፊው። ልጆቹ ይከፋቸዋል።"

"እጽፈዋለሁ፣ እማማ። የመጣሁት ለእሱ ነው።"

እማማ ኬው ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዱ ዳክዬ ደረጃው ሥር ጮኸ። "እንግዲህ… ቀይ ስታበራ አጥፊ፣ አረንጓዴ ስታበራ ተኚ ብለውኛል። ለእኔ ዓይን ቀይና አረንጓዴው አንድ ነው። ስለዚህ ከገባች ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብዬ እየጠበቅኋት አልተኛሁም።"

ላምዱዋን ቀና ብላ ብዕሩን አነሣች። ቃል በቃል፣ ምንም ሳትቀንስ ጻፈችው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

"ሌላስ?" አለች።